«ከእናቴ ነው ወይስ ከበላሁት?»፦ ቫይረስ ያልሆነው የጉበት በሽታ

የምሠራበት ፋርማሲ ከቸርችል ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ነው፤ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሴት ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡና ማዘዣቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ፕሬድኒሶሎን እና አዛታዮፕሪን ይላል፤ ሁለቱም የሰውነትን መከላከያ የሚያረግቡ መድኃኒቶች ናቸው፣ ፕሬድኒሶሎኑ ስቴሮይድ ከሚባሉት ወገን ነው። ቤታቸው ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ገላን ጉራ ደርሷቸው አሁን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከዚያ ድረስ ነው የሚመጡት። የዓይናቸው ነጭ ገና አልጠራም። ፍሬውን ቆጥሬ አወሳሰዱን እየጻፍኩላቸው ሳለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦ «ይሄ ነገር ከእናቴ ነው ወይስ ከበላሁት?»

እናታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ሆዳቸው አብጦ ነው ያረፉት። ያኔ ምክንያቱን የነገራቸው የለም። እርሳቸው ደግሞ ዘጠኝ ወር ተንከራተዋል። መጀመሪያ ድካም፣ ቀጥሎ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ በመጨረሻ የዓይን ቢጫ መሆን። የሄፓታይተስ «ቢ» ምርመራ ኔጌቲቭ፣ የ«ሲ»ም ኔጌቲቭ። አንዱ ቦታ «ጨጓራ ነው» ተባሉ፤ ሌላው ጋ «ታይፎይድ» ተብለው መርፌ ተወጉ። ወሬው ዘመድ ጋ ሲደርስ «ተደብቃ ትጠጣ ይሆናል» የሚል ተጨመረበት። እኚህ ሴት በሕይወታቸው ከበዓል ጠላ ያለፈ ቀምሰው አያውቁም።

«ከሁለቱም ነው» አልኳቸው። ኋላቸው ወረፋ ነበር፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን በእንጥልጥል የተውኩትን መልስ ለመጨረስ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ጉበት አለበት» ከተባለ ሰሚው የሚረዳው ሄፓታይተስ ቢን ነው። አይፈረድም። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲጠቃለሉ 7.4 ከመቶ ያህሉ ሰው የቢ ቫይረስ፣ 3.1 ከመቶ ያህሉ የሲ ቫይረስ ምልክት ተገኝቶበታል። ስንቱ ወጣት ነው ቫይረሱ እንዳለበት ወደ አረብ አገር ለመሄድ «ሜዲካል» ሲያደርግ ያወቀው! ጉዞው እዚያው ይቀራል፣ ወሬው ግን ሰፈር ይደርሳል። የቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ በአብዛኛው ሳይከተብ ነው ያደገው። ስለዚህ ሐኪም መጀመሪያ ቫይረስ መፈለጉ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ቫይረሱ ሳይገኝ ሲቀር ነው። «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ፈጣሪውን አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጉበቱ ግን መቃጠሉን አላቆመም።

ከቫይረሱ፣ ከመጠጡና ጉበት ላይ ከሚከማቸው ስብ ውጭ፣ የሰውነት የገዛ መከላከያ ተነስቶ ጉበትን የሚወጋባቸው ሦስት ዋና ዋና በሽታዎች አሉ። አንደኛው የጉበትን ሕዋሳት ራሳቸውን ያጠቃል፤ አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ይባላል፤ የሴትዮዋ በሽታ እሱ ነው። ሁለተኛው፣ በምሕጻር ፒ.ቢ.ሲ. የሚባለው፣ በጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የሐሞት ቱቦዎች ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሚያሳክክ ቆዳና እረፍት በማያስወግደው ድካም ነው። ሦስተኛው ፒ.ኤስ.ሲ. የሐሞት መውረጃዎችን እያጠበበ ይዘጋል፤ አብዛኛው ታማሚ ከጉበቱ ጋር አንጀቱም የቆሰለ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ብንወስድ፣ በአውሮፓ ከመቶ ሺህ ሰው ከ15 እስከ 25 ያህሉ ላይ ይገኛል። ብርቅ ነው ማለት ነው። ብርቅ ከሆነ ለምን ይህን ያህል እንጨነቅለት ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይገታል፤ ካልተደረሰበት ይገድላል።

ይህ ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው የለንደን ጥናት 49 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለ22ቱ ፕሬድኒሶሎን ሰጠ፣ 27ቱን ያለ እሱ ተከታተለ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 3 ሞቱ፤ ካልወሰዱት 15። ፕሬድኒሶሎን እኛ መደርደሪያ ላይ ካሉት ርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው። አዛታዮፕሪን ግን አንዳንድ ወር ይገኛል፣ አንዳንድ ወር ሰው ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ መርካቶ ሲዞር ይውላል፤ ይህ ዘወትር ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። መጀመሪያ ዘሩ።

ስድስተኛው ክሮሞሶማችን ላይ ኤች.ኤል.ኤ. የሚባሉ ዘረመሎች ተሰብስበው የሚገኙበት ስፍራ አለ። ሥራቸውን ለመረዳት ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች አንዱ በር ላይ የቆመውን ፈታሽ ያስቡ። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ የሚያመርተውን ፕሮቲን ቆራርሶ ፍርፋሪውን ወደ ውጭ ያሳያል፤ ፍርፋሪውን ይዞ የሚዘረጋው እጅ ኤች.ኤል.ኤ. ነው። ፈታሹ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋስ ነው። የተዘረጋለትን አይቶ «የቤት ነው፣ ይለፍ» ወይም «ባዕድ ነው፣ ይያዝ» ይላል። የእጁ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከወላጅ የምንወርሰውም ያንን ቅርጽ ነው። አንዳንዱ ቅርጽ የገዛ ጉበትን ፍርፋሪ ባዕድ በሚመስል አኳኋን ይዞ ያቀርባል፤ ፈታሹም ይሳሳታል። ፈታሾችን የሚቆጣጠሩ፣ «ተው፣ የቤት ልጅ ነው» የሚሉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። እነሱም የደከሙ እንደሆነ ስህተቱ የሚያርመው አያገኝም።

በአውሮፓውያንና በሰሜን አሜሪካ ነጮች ዘንድ ከአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ጋር የተያያዙት ቅርጾች ዲ.አር.3 እና ዲ.አር.4 ናቸው። ጃፓን ሲደርሱ ዲ.አር.4 ብቻውን ይጎላል። በደቡብ አሜሪካ ሕፃናት ላይ ደግሞ ዲ.አር.13 የሚባለው ይወጣል፤ የዚህኛው ታሪክ ለእኛ ትምህርት ስላለው ኋላ እመለስበታለሁ። አንድ የዘር ቅርጽ ለዓለም ሁሉ እንደማይሠራ ግን ከአሁኑ ልብ ይበሉ። በለንደንና በቶኪዮ የተገኘውን ወስዶ «የእኛም ይኸው ነው» ማለት አይቻልም።

የኤች.ኤል.ኤ. ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን የኤች.አይ.ቪ.ና የቲቢ ታማሚዎችን መርምሮ ኤች.ኤል.ኤ. ቢ.57 የሚባለውን ዓይነት የተሸከሙት መድኃኒቶቹ ጉበታቸውን የመጉዳታቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ እኛ ከምናወራው በሽታ የተለየ ነው። ይሁንና የነገሩ ስልት ይኸው ነው፦ አንድ መድኃኒት ሁለት ሰው ይውጠዋል፤ አንዱ ይድንበታል፣ የሌላው ጉበት ይቆጣል፤ ልዩነቱን ይዘውት የተወለዱት ነው።

ታዲያ ዘሩ ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። ይህን በደንብ የሚያሳዩት መንትዮች ናቸው። አንድ ዓይነት ዘር የተካፈሉ መንትዮች በሽታው ከዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በታመሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ የዴንማርክን አገር አቀፍ መዝገብ ያገላበጠ ጥናት እንደሚለው፣ አንደኛው አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ከያዘው ሌላኛው የመያዙ ነገር ከመቶ 9 እንኳ አይሞላም። በፒ.ቢ.ሲ. ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በተጠኑ 8 አንድ ዓይነት መንትዮች ውስጥ በ5ቱ ጥንድ ሁለቱም ታማሚ ሆነው ተገኝተዋል። እዚያ ዘሩ ከበድ ይላል፤ እንደዚያም ሆኖ ሦስት ጥንድ ላይ አንዱ ታሞ አንዱ ጤነኛ ነው። ያው የዴንማርክ ጥናት የአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ታማሚን ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድምና እህቶች ሲከታተል አደጋው ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘው። አምስት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል። ከምን ተነስቶ አምስት እጥፍ እንደሆነ ካልተነገረ ግን ሰውን በከንቱ ማስጨነቅ ነው፦ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሺህ ዘመድ አንዱ ማለት ነው።

ሴትነትም እዚህ ውስጥ አለ። ከአራት የአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ታማሚ ሦስቱ፣ ከአሥር የፒ.ቢ.ሲ. ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ ፒ.ኤስ.ሲ. ግን በወንዶች ይበዛል። የኤክስ ክሮሞሶምና የሆርሞን ነገር በምክንያትነት ይጠቀሳል። በተግባር የሚታየው ይህ ነው፦ እርግዝና ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ይነሳል። አራስ ቤት ያለች ሴት «ደከመኝ፣ ሰውነቴን ቆረጠመኝ» ስትል እኛ ምን እንላለን? «ብርድ መቷት ነው።» ገንፎው ይቀርባል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ጉበቷን የሚያይላት ግን የለም። አራስ ጥየቃ ስሄድ አሁን አሁን ዓይኗን አያለሁ።

ዘሩ መሬቱ ነው እንበል። ምን ተዘራበት?

ቫይረሶች ይጠረጠራሉ። አንዳንድ ቫይረስ ከጉበት ፕሮቲን ጋር የሚመሳሰል ቁራጭ አለው፤ ሰውነት ቫይረሱን ለማጥፋት ሲነሳ መልኩ የተመሳሰለውን የራሱን አካልም ይመታል። ቅድም የተውኩት የዲ.አር.13 ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አርጀንቲና ውስጥ ይህ ቅርጽ ያላቸው ሕፃናት በተበከለ ውኃና ምግብ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ ሲይዛቸው ቶሎ አይለቃቸውም፤ ጉበታቸው ለረጅም ጊዜ እንደተቆጣ ይቆያል። ያው ቅርጽ አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ በያዛቸው ሕፃናት ላይ ተደጋግሞ ይታያል። ዘርና አካባቢ እንዴት እንደሚገናኙ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም። እዚህም ሄፓታይተስ ኤ ያልነካው ልጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቻችን በልጅነታችን ይዞን ሳናውቀው አልፏል። ሁላችንን የነካ ነገር ጥቂቶችን ብቻ የሚያሳምም ከሆነ ቀስቃሹን ብቻ እየጠቆሙ «ምክንያቱ ይህ ነው» ማለት አያዋጣም።

መድኃኒት። ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ከ261 የአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ታማሚዎቹ 24ቱ በሽታው የተቀሰቀሰባቸው በመድኃኒት ነበር። ከ24ቱ 22ቱ ላይ ተጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፦ ለብጉር ለወራት የሚወሰደው ሚኖሳይክሊን እና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚታዘዘው ናይትሮፉራንቶይን። ለደም ግፊት የሚሰጡት ሜቲልዶፓና ሃይድራላዚን፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክም በዚህ ስማቸው ይነሳል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው እኛም ጋ አለ። ሜቲልዶፓ እርጉዝ ሴት ግፊቷ ከፍ ሲል በብዛት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ይህን አንብባ መድኃኒቷን የምታቆም እርጉዝ እንዳትኖር አደራ እላለሁ፤ ያልታከመ ግፊት እናትንም ልጅንም ይገድላል፣ የጉበቱ ጉዳት ግን ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ነው። ማወቅ የሚያስፈልገው ዓይን ቢጫ ሲሆን ወይም ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁር መድኃኒቱን ይዞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ለመሄድ ነው።

ከዚህ ጥናት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ቀጥሎ ያለው ነው። መድኃኒት የቀሰቀሰባቸው ታማሚዎች ቀስቃሹን ትተው፣ ስቴሮይድ ወስደው ሲሻላቸው፣ ስቴሮይዱ ሲቆም በሽታው አልተመለሰባቸውም። ሌሎቹ ላይ ግን ሲያቆሙ ከመቶ 65ቱ ላይ ተመልሷል። እንግዲህ «ምን ስትወስጂ ነበር?» የሚለው ጥያቄ በትክክል ሲመለስ አንድን ሰው ዕድሜ ልክ መድኃኒት ከመዋጥ ሊያድነው ይችላል። በትክክል የሚመለስበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ናይትሮፉራንቶይኑን ያለ ማዘዣ ነው የገዛችው፣ ዳይክሎፌናኩን ጎረቤት ነው የሰጣት፣ ስማቸውንም አታውቅም። «ቢጫዋን ፍሬ» ትላለች። በሙያዬ ውስጥ ያለን ሰዎች ያለ ማዘዣ አውጥተን በምንሸጠው እያንዳንዱ አንቲባዮቲክ ይህን ማስረጃ እየደመሰስን መሆኑን አምናለሁ።

የባህል መድኃኒቱ ደግሞ አለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «ወፍ ነው» ይባልና ወደ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት «የወፍ መድኃኒት» ይጠጣል። በዚህ የሚታወቀው አንዱ እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው ያዩበት፣ ከዚያም የብልሃርዝያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ ለመግደል ዓለም የተማረበት ያው ተክል ነው። ለልብስ ማጠቢያ ያገለገለን፣ ለሳይንስም የጠቀመን ተክል ነው፤ ግን የታመመ ጉበት ላይ አፍልቶ ማጠጣት ሌላ ነገር ነው። እንዶድ አውቶኢሚዩን በሽታ ይቀሰቅሳል እያልኩ አይደለም፤ ይመርዛል ነው የምለው። ቀስቃሽነቱ የተመዘገበው በሌላ ተክል ነው። በኮሮና ጊዜ ሕንድ ውስጥ ሰው «መከላከያ ያጠነክራል» ብሎ ጊሎይ የሚባል ሐረግ አፍልቶ ይጠጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሙምባይና የሌሎች ከተሞች ሐኪሞች አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ የሚመስል የጉበት መቆጣት ይዞ የሚመጣባቸው ሰው መበርከቱን ዘገቡ። መከላከያን «ማጠንከር» የሚባለው ነገር፣ መከላከያው ራሱ ዓይኑ የተሳሳተ ሰው ላይ፣ ለማን ነው የሚጠቅመው?

ወደ ጫት ስመጣ ጥንቃቄ እጨምራለሁ። እንግሊዝ አገር የሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካና የየመን ተወላጆች ላይ አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ የሚመስል ሕመም ጫት ከመቃም ጋር ተያይዞ ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ ሐረር ላይ በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች 150 ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከ300 ጤነኛ ጉበት ካላቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት ተካሄደ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ብዙዎቹ ላይ የጉበቱ ሕመም መንስኤ ሊታወቅ አልቻለም። መቃም ግን አደጋውን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ብዙና ረጅም ጊዜ በተቃመ መጠን አደጋው እንደሚጨምር ታየ። ከዚያው ሥራ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የአውቶኢሚዩን ጉበት መለያ የሚባሉት አንቲቦዲዎች (መከላከያው ባዕድ ያለውን ለመምታት የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች) በአካባቢው ሰው ደም ውስጥ በብዛት እንደሚገኙ ዘገበ፤ ጫት ቀስቃሽ ይሆን ወይ የሚለውን ግን በጥያቄ ምልክት ነው የተወው። እኔም በጥያቄ ምልክቱ እስማማለሁ። ቅጠሉ ራሱ ይሁን፣ ላዩ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ይሁን፣ የቃሚው ዘር ይሁን፣ ገና መለየት አለበት። ለሚቅም ሰው ግን መለየቱን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ጉበቱ ከተቆጣ ማቆም ነው ያለበት። በርጫ ላይ ተቀምጦ «ጉበቴ ቫይረስ የለውም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

የአካባቢን ነገር ካነሳሁ አንድ የአገራችንን ታሪክ ሳልጠቅስ አላልፍም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ አንድ መንደር ውስጥ፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። ስለ ርግማንም ስለ ተላላፊ በሽታም ተወርቷል። ደሙ፣ ውኃው፣ እህሉ ተመርምሮ ሲታይ ከእህሉ ጋር የሚቀላቀል አረም ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ይዞ ተገኘ። ይህም አውቶኢሚዩን አይደለም፤ መመረዝ ነው። ያነሳሁት ጉበት ላይ የደረሰ ሁሉ መልስ የሌለው ምሥጢር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ እዚያ መልስ የተገኘው የሚበሉትን አንድ በአንድ የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው።

ፒ.ቢ.ሲ. የራሱ ቀስቃሾች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ 1,032 ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ሲጋራ ማጨስን፣ ተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን፣ የጥፍር ቀለም አዘውትሮ መጠቀምንም ከበሽታው ጋር አያይዟል። የሽንት ቧንቧውን ኢንፌክሽን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ በሽታው ከሚያጠቃው የሰውነት ፕሮቲን ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ የመመሳሰሉ ጉዳይ እዚህም መጣ። በጥፍር ቀለም ላይ ያለው ማስረጃ ግን ቀጭን ነው። በየፎቁ የሴቶች ፀጉር ቤት ሲከፈት ቀኑን ሙሉ የኬሚካል ሽታ እየሳቡ ለሚውሉት ልጆች መስኮት መክፈት ምንም አይጎዳም፤ ከዚያ አልፎ ማስፈራራት ግን ትክክል አይመስለኝም። ስለ ቡናችንም ደስ የሚል ነገር ልበል፦ የፒ.ኤስ.ሲ. ታማሚዎች ከጤነኞቹ ያነሰ ቡና ጠጪ ሆነው ተገኝተዋል፤ ቡና ለጉበት በአጠቃላይ ወዳጅ መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶችም ብዙ ናቸው። ሦስተኛውን በረካ ለመጠጣት ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ይኸው።

ወደ ምርመራው ስንመጣ አንቲቦዲ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ወባ፣ ጥገኛ ተውሳክና ሌላ ኢንፌክሽን በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰው ደም ውስጥም አንቲቦዲው ሊገኝ ይችላል፤ የሐረሩም ጥናት ይህን ያስታውሰናል። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀለል ያለ መመዘኛ አራት ነገር ይጠይቃል፦ አንቲቦዲው፣ አይ.ጂ.ጂ. የሚባለው የደም ፕሮቲን ከፍ ማለቱ፣ ከጉበት በመርፌ የሚወሰደው ናሙና የሚያሳየው፣ የቫይረስ አለመኖር። ልብ ይበሉ፦ ቫይረስ አለመገኘቱ ከአራቱ አንዱ ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄድበት ያ ወረቀት፣ ፍለጋው የሚጀመርበት ወረቀት ነው። በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ ከሦስት አዋቂ ታማሚ አንዱ ያህል ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ የመዘግየቱ ዋጋ ይህ ነው።

ሴትዮዋ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ዓይናቸው ጠርቷል፣ ፊታቸው በስቴሮይዱ ሞላ ብሏል። በዚህኛው ቀን ወረፋ አልነበረም። በርጩማ ሰጠኋቸውና ሁሉንም እንደዚህ አስረዳኋቸው። እናታቸው የሞቱበትን አሁን ማወቅ አይቻልም፤ የዘሩ ነገር ግን ምናልባት ከእናታቸውም ከአባታቸውም የመጣ ነው፤ ማንም አጥፍቶ የሰጣቸው አይደለም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸውን አነሱ። «እሷንስ ላስመርምራት?» ዛሬ ምንም ካላመማት ለብቻው የሚያስመረምር ነገር እንደሌለ፣ ግን ከበረታ ድካምና ከዓይን ቢጫ ጋር ከመጣች «እናቴ ይህ አለባት» ብላ ለሐኪሙ እንድትናገር ነገርኳቸው። በመተቃቀፍም፣ በአንድ ትሪ በመብላትም የማይተላለፍ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለት ጊዜ መለስኩላቸው።

ከዚያ በፌስታል ይዘው የመጡትን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት፤ ቀደም ሲል በስልክ «ከመታመምዎ በፊት በነበረው ዓመት የወሰዱትን ሁሉ ይዘው ይምጡ» ብያቸው ነበር። ግማሹ የተበላ የናይትሮፉራንቶይን እሽግ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ስሙ የተቀደደ የአሞክሳሲሊን ካርቶን፣ የብረት ፍሬ፣ በውኃ መያዣ ፕላስቲክ የተሞላ ቡናማ ዱቄት። ወረቀት አውጥቼ አንድ በአንድ ጻፍኩት፤ የየትኛው ወር እንደሆነ እያስታወሱ ነገሩኝ፤ ናይትሮፉራንቶይኑ ላይ ሲደርሱ «ከፋሲካ በኋላ ሦስት ወር ያህል፣ ሲያመኝ እየገዛሁ» አሉ። ያንን መስመር አሠመርኩበት። ዱቄቱ ላይ ስንደርስ ስሙን አያውቁትም፤ የሸጡላቸው ሴትዮ «ለጉበት ነው» ብቻ ብለዋቸው ነበር። «ዱቄት፣ ከመርካቶ፣ ጠዋት ጠዋት በማር» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ለሐሙስ ቀጠሮ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ዱቄቱንም ሐኪሙ እንዲያየው መልሰው በፌስታሉ ቋጠሩት።